«400 በ1» የእጅ ጌም፦ ከጥምቀት ወዲህ ስጫወትባት

ጥምቀት ሰሞን እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ነው የገዛኋት። ማርካ የላትም፤ ሳጥኗ ላይ «400 በ1» ይላል። 400ውን እርሱት፤ ብዙው ስሙን እየቀያየረ የሚደጋገም ነው። እኔ ዞሬ ዞሬ የምገባው ሱፐር ማሪዮ ውስጥ ነው።

የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጌም ነው። መጠኑ 40 ኪሎባይት! በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ በስንት እጥፍ ይበልጠዋል። ደመናውና ቁጥቋጦው እንኳ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ይለያያል።

የመጀመሪያውን ስቴጅ ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ቃል ማብራሪያ የለውም። ማሪዮ ስክሪኑ ግራ ላይ ቆሟል፣ ቀኙ ባዶ ነው፤ ወዴት ልሂድ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወዲያው አንድ ቡናማ ጠላት ይመጣል። ካልዘለላችሁ ትሞታላችሁ፤ ግን ገና መነሻው ላይ ስለሆናችሁ አያናድድም። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሳጥን ስትመቱ የሚወጣው እንጉዳይ ደግሞ ወደ ቀኝ ሄዶ ቧንቧ ሲገጨው ወደ እናንተ ይመለሳል። እንደ ጠላት ብትሸሹት እንኳ ሊደርስባችሁ ይችላል፤ ሲነካችሁ ታድጋላችሁ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ሁለት ደረጃዎች ፊት ለፊት ተሠርተዋል፣ መሃላቸው ድፍን መሬት። ብትወድቁ ምንም አትሆኑም። ትንሽ እልፍ ስትሉ ያው ነገር ይደገማል፤ አሁን ግን መሃሉ ገደል ነው። የእህቴ ልጅ ማንም ሳያሳየው ተሻገረው።

ቁልፉን ነካ ካደረጋችሁት ዝላዩ አጭር ነው፣ ተጭናችሁ ከቆያችሁ ይረዝማል። አየር ላይ ሆናችሁም አቅጣጫ ታስተካክላላችሁ። የዚች ዕቃ ችግር የታየኝም እዚህ ላይ ነው። የዝላይ ቁልፏ ላልቷል፤ አጥብቄ ካልተጫንኩ አትሰማም። ሌሎቹ ጌሞች ላይ ብዙም አያስታውቅም፣ ድሮም ዝላያቸው አንድ ቁመት ነው። ማሪዮ ላይ ግን ያበሽቃል።

ባትሪዋ የድሮ ኖኪያ ስልኮች ዓይነት ስለሆነ ስልክ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። መብራት ሲሄድም ትሠራለች። ሴቭ (የደረሳችሁበትን ማስቀመጫ) ግን የለም፤ ካጠፋችኋት ሀ ብላችሁ ነው። ለዚህ ጌሙ ራሱ መላ አለው፦ ሁለተኛው ስቴጅ መጨረሻ ላይ በጣሪያው በላይ ከሄዳችሁ ወደ 2ኛ፣ 3ኛ ወይም 4ኛ ዓለም (አራት አራት ስቴጅ ያለው ምዕራፍ) የሚያሻግሩ ቧንቧዎች ታገኛላችሁ።

ልትገዙ ካሰባችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ማሪዮን ክፈቱና አጭርና ረጅም ዝላይ ሞክሩ። ሁለቱ ካልተለየ ሌላ ያውጣላችሁ።