በስትሪንጉና በአኮርዲዮኑ መካከል ያለችው ዝምታ

ይህን ኪቦርድ የገዛሁት የጥር ሰርግ እንዳለቀ፣ ከሰርጉ ያገኘሁትን ሁሉ አሟጥጬ ነው። ከዚያ ወዲህ 10 ወር ተጫውቼበታለሁ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፣ ታክሲ ላይ ለመጫንም አያስቸግርም። በዚህ በኩል የምጨምረው የለኝም። ብዕር ያስነሣኝ አንዲት ዝምታ ናት።

ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ለሦስት ሆነን ድምፃዊት እናጅባለን፤ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና እኔ። ድምፃዊቷ ትዝታ ስትጨርስ የመጨረሻውን ቃል ትጎትተዋለች፤ እኔም ከሥሯ ሰፊ የስትሪንግ ኮርድ፣ ማለትም እንደ ቫዮሊን ቡድን የሚሰሙ አብረው የሚመቱ ኖታዎች፣ ይዤ እቆያለሁ። ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል ችክችካው መግባት አለበት፤ የሚከፍተውም አኮርዲዮን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግራ እጄ ኮርዱን እንደያዘ በቀኜ የአኮርዲዮኑን መምረጫ ተጫንኩ። ስትሪንጉ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። አኮርዲዮኑ ደግሞ ገና አልመጣም። ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የሴትዮዋ ድምፅ መድረኩ ላይ ራቁቱን ቀረ፣ ፊት ለፊት ለእስክስታ የተነሣው ትከሻ አየር ላይ ቆመ፣ እርሷም ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት መድረክ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል።

ሻጩ «አንዴ መጫን ነው፣ ድምፁ ይቀየራል» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ሱቁ ውስጥ ሲያሳየኝ ግን አንዱን ድምፅ ይጫወታል፣ እጁን ያነሣል፣ መምረጫውን ይጫናል፣ ከዚያ ሌላውን ይጫወታል። እንዲህ ከሆነማ የእናቴም ሬዲዮ ጣቢያ ይቀይራል! ወንድሜ፣ እስቲ እጅህን ሳታነሣ ቀይረህ አሳየኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዛሬ ሄጄ እንዳልሞግተው ሱቁ ፒያሳ ውስጥ ለመልሶ ማልማት ከፈረሱት አንዱ ነው። ስለዚህ ኬብል ስጠቀልል ብቻዬን እከራከረዋለሁ። «ታዲያ በዚህ ዋጋ ምን ፈልገህ ነበር?» ይለኛል ሁልጊዜ፤ ሁልጊዜም መልስ ያጥረኛል።

ነገሩ ብልሽት አይደለም። እያንዳንዱ ድምፅ የተቀመጠው ከነሪቨርቡ፣ ከነማስተጋቢያው ማለት ነው፣ እና ከነሌላው ማስዋቢያው ነው። አዲስ ድምፅ ሲጠራ ማሽኑ የቀድሞውን ማስዋቢያ አውርዶ አዲሱን ይጭናል፤ በመሃል በእጅ የተያዘው ኖታ ይሞታል። ይህን የፈቱ አሉ። ኮርግ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ክሮኖስ በተባለ ኪቦርድ ላይ አዲሱ ድምፅ ተጠርቶም ቢሆን የተያዘው ኖታ እጅ እስኪለቀው ይዘልቃል። ያማሃም በ2016 ሞንታዥ በተባለው ኪቦርዱ ላይ እስከ ስምንት ክፍል ላላቸው ቅንብሮች ይህንኑ አድርጎታል። የእነርሱን ዋጋ ስጠይቅ ግን ዝምታዋን ትንሽ ወደድኳት።

መምረጫዎቹም ሌላ ጣጣ ናቸው። ስምንት ሆነው ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በመድረክ ጨለማ አንዱ ከሌላው አይለይም። የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ለጠፍኩባቸውና በማርከር «ክ»፣ «መ»፣ «አ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ከማድረጌ በፊት በአንድ ሰርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሄሊኮፕተር አስነሥቻለሁ፤ የሙሽራዋ አጎት ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። የኪቦርድ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1991 በጋራ የተቀበሉት የ128 ድምፆች ዝርዝር አለ፤ ሄሊኮፕተሩ 126ኛው ነው። የስኮትላንዶች ባግፓይፕም የጃፓኖች ኮቶም አሉበት። ክራርና መሲንቆ የሉም። «ክ» እና «መ» ከሌላ ሰው ለምኜ ያስጫንኳቸው ናቸው።

መፍትሔ ያገኘሁት በሦስተኛው ወር ነው፤ አለመቀየር። ከ61ዱ ቁልፎች የታችኞቹን 24 ለስትሪንግ፣ የላይኞቹን 37 ለአኮርዲዮን ከፈልኳቸው፤ ፔዳሉም ስትሪንጉን ብቻ እንዲይዝ አደረግሁ። አሁን ኮርዱን በእግሬ ይዤ አኮርዲዮኑን እጀምራለሁ፤ የሚቆረጥ ነገር የለም። የመጀመሪያ ምሽት ሲሠራልኝ ድምፃዊቷ ዞራ አላየችኝም፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም ነበር። ዋጋው ግን አለ። ቀኝ እጄ ዜማው ይዞት ወደ ግራ ሲወርድ ድንበር ይሻገርና የችክችካው መሃል ላይ ስትሪንግ ያለቅሳል። ሦስት ድምፅ ለሚፈልግ ዘፈን ደግሞ ክፍፍሉም አይበቃም፤ እዚያ ላይ ከበሮ መቺያችን ዝምታዋን በአንድ ጥቅልል ምት ይሸፍንልኛል፤ በየቅዳሜው አንድ ማኪያቶ ያስከፍለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ኪቦርዱን ሊገዛኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ጉድለቱን አልደበቅሁትም፤ ኮርድ አስይዤው መምረጫውን ራሴ ተጫንኩ። «የቱ ጋ ነው የተቆረጠው?» አለኝ። ደገምኩለት። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልተሰማኝም» አለ፤ ለካ ከፒያኖ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ያን ሁሉ ወር ስረግመው የኖርኩትን ዕቃ ለእርሱ ለመስጠት እጄ እምቢ አለኝ። ከገዛሁበት አስበልጬ ዋጋ ነገርኩት። ሳቀና ሄደ።

በዚያው ቅዳሜ የተላጠውን ፕላስተር አድሼ ኪቦርዱን ይዤ ወረድኩ። ድምፃዊቷ ገና ኬብል ሳልሰካ መጣችና ከዛሬ ጀምሮ ችክችካው በአኮርዲዮን ሳይሆን በክራር እንዲከፈት ጠየቀችኝ። ክራሩ ያለው ሌላ መምረጫ ላይ ነው።