የመኪና ቁልፍ ላስቸገራችሁ ሁሉ፦ እኚህን አባት ጥሩ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ምስጋና በአደባባይ ካላቀረብኩ ህሊናዬ አያርፍም። መኪናዬ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ እናቴን ሐኪም ቤት የምወስደው በእሷ ነው። ቁልፏ መጀመሪያ ላይ ወዝወዝ ሲያደርጉት ይዞር ነበር፤ በኋላ ግን ጭራሽ አልዞርም አለ፣ መሪውም እንደተቆለፈ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን አበሳ እግዚአብሔር ያውቀዋል። አንዱ ጋራዥ ካቻቢቴ ሰክቶ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ሌላው «ኳድሮው (ቁልፉ የሚገባበት ክፍል) ሞቷል፣ ዳይሬክት እናድርገው» ብሎ ሽቦውን ጎልጉሎ ጉልበቴ ላይ አንጠልጥሎ ሸኘኝ። የመሪውን መቆለፊያ ነቅሎ ስለጣለው መኪናዋን ማንም ሽቦ አገናኝቶ ይዟት መሄድ ይችል ነበር። ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ መስኮት እሮጥ ነበር። ቀጥሎ የሄድኩበት ደግሞ ጠቀም ያለ ገንዘብ ተቀብሎ ያገለገለ ኳድሮ ገጠመልኝ፤ የበሩ ቁልፍ ሌላ፣ የሞተሩ ቁልፍ ሌላ ሆነ። ይባስ ብሎ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተመዝዞ ይወጣል! ስደውልለት «አሮጌ መኪና ነው፣ ምን ላድርግሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ንቀቱ ነው።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቄራ አካባቢ የመኪና ቁልፍ ስለሚሠሩ አንድ አባት ነገረችኝ። ስደውልላቸው «አትነካኪው ልጄ፣ እኔ እመጣለሁ» አሉና የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ግቢያችን ድረስ መጡ። ገና መኪናዋን ሳይነኩ «ሊብሬሽን አምጪ» አሉኝ። የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ ካመሳከሩ በኋላ «አትቀየሚኝ፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ የሰው መኪና አልከፍትም» አሉ። እኔ እቀየማለሁ? ከእሳቸው በፊት መኪናዋን ከነካኩት ሁሉ መኪናው ያንቺ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

የሥራውን ዝርዝር አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ያየሁት ግን ይሄ ነው፤ ወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉና ከኳድሮው ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የሚያካክሉ የነሐስ ብልቶችን እያወጡ ደረደሩ። አንዷን በሞረድ ነካ፣ ቁልፉን ከተት፣ አሁንም ነካ። ለካ በሩንም ሞተሩንም ያው የድሮው ቁልፌ እንዲከፍት እያስማሙት ኖሯል። መሪውም እንደ ድሮው ቁልፉ ሲወጣ ይቆለፋል። አንድ ተጨማሪ ቁልፍም ቀረጹልኝ።

ሲጨርሱ ለሙከራ ቀርጸውት የነበረውን ቁልፍ አወጡና «ይሄ እኔ ዘንድ መቅረት የለበትም» ብለው ፊቴ በፒንሳ ሰበሩት። ሁለቱን ቁልፎች እጄ ላይ አስቀመጡ፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃም በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። እንባዬ መጣ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሰው ጨርቅ የተረፈችውን ብጣሽ ሳይቀር ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። እኚህን ሰው ሳይ እሱን ያየሁ መሰለኝ።

ሂሳቡም ቢሆን ያለፈው ጋራዥ ከወሰደብኝ ግማሹን አይሞላም። ጨምሬ ልስጥዎት ብላቸው «ለልጆቹ ዳቦ ግዢበት» ብለው መለሱልኝ። ሲሄዱም መከሩኝ፦ የቤቱንም የቢሮውንም ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አታንጠልጥሉ፣ ክብደቱ ኳድሮውን ይበላዋል። ቁልፉ አልዞር ብሎ ሲጠብቅ ደግሞ ዘይት አታፍስሱበት፣ አቧራ ይይዛል፤ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ይሻለዋል።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ጥሩ! መኪናችሁን ለመዶሻ አትስጡ። ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ ያላቸውን አዳዲስ መኪኖች እንደማይሠሩ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እንደኔ የቆየ መኪና ያላችሁ ግን ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጃቸው ይባረክ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉ ሊብሬያችሁን አዘጋጁ፤ ያለሱ አይሠሩም።