ሐዋሳ ላይ የሰጠመ ጀልባ የሚያወጣ ሰው ለምትፈልጉ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። ጀልባ አለኝ እንጂ ጀልባ አልነዳም፤ ዋናም አልችልም። እዚሁ ሐይቁ ዳር ተወልጄ አድጌ፣ ውሃ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ የምጮህ ሴት ነኝ። ጀልባዋን የሚሠራባት የእህቴ ልጅ ነው። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቃችን ዳርቻ እየተነሣ እንግዳ ያዝናናል፣ ጉማሬ ያሳያል፣ እሁድ እሁድ ሙሽሮችን ለፎቶ ይዞ ይወጣል። 12 ሰው ትይዛለች፤ ርዝመቷ 7 ሜትር፣ አካሏ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ነው። በሁለት ዙር እቁብ ነው ያሠራኋት። ስትሰጥም ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

የሰጠመችው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረበት ቀን ነው። ከሆዷ በኩል አንዱ የብየዳ መስመር ለካ በዝገት ተበልቶ ኖሯል። ዝናቡ ከላይ፣ ሐይቁ ከታች ሞሏት። ጠዋት ስንደርስ በጎኗ ተኝታለች። ከውሃ በላይ የሚታየው የጠርዟ ስንዝር ያህል ብቻ ነው፤ እሱም ላይ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ባለቤት ቆሞበታል። ሞተሩን ማታ ማታ ፈትተን ቤት ስለምናስገባ እሱ ተርፎልናል።

ያኔ ተቻኩዬ ነበር። «እኛ በአንድ ጠዋት እናወጣታለን» ያሉ ልጆች አይሱዙ ይዘው መጡ። አፍንጫዋ ላይ ካለው ቀለበት ገመድ አስረው ጎተቱ። ቀለበቱ ከነላሜራው ተገንጥሎ ወጣ። ጀልባዋ ግን ወደ ዳር መምጣቷ ቀርቶ ዞር አለችና ሌላ አንድ ሜትር ወደ ጥልቁ ተንሸራተተች። 6,000 ብሬን ተቀብለው ሄዱ። ስማቸውን አልጠራም፤ ስልኬንም አያነሱም። የእህቴ ባል ደግሞ «በቃ ለቁራሌው ስጪያት» አለኝ። ለአንድ ሳምንት አላናገርኩትም።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሳለ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ይቺን እይ እስቲ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ኮስታ ኮንኮርዲያ ናት። ጥር 4 ቀን 2004 ማታ፣ በጣሊያኗ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተላትማ በጎኗ የተኛችው ትልቋ የመዝናኛ መርከብ። 4,229 ሰው ነበረባት፤ 32 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ ፍራንቼስኮ ስኬቲኖ ደሴቷን ሰላም ልበል ብሎ ነው ያን ያህል ያስጠጋት። ሕዝቡ ሳይወርድ እሱ ቀድሞ ወርዶ ተገኘ፣ 16 ዓመት ተፈረደበት። ባዶዋን የሰጠመች የእኔን ጀልባ ከዚያች ጋር ማወዳደር ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ያየሁት ግን መስጠሟን ሳይሆን አነሣሷን ነው።

ቪዲዮው ላይ 290 ሜትር የሚያህለው ብረት በ2 ደቂቃ ውስጥ ከጎኑ ተነሥቶ ቀጥ ይላል። ይሄ ቪዲዮ ግን ይዋሻል። እውነተኛው ሥራ 19 ሰዓት ነው የፈጀው፤ መስከረም 6 ቀን 2006 ጠዋት ተጀምሮ በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አለቀ። ለዚያ 19 ሰዓት ሲዘጋጁ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሚኮፔሪ የሚባል የጣሊያን ኩባንያና ታይታን ሳልቬጅ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተጣምረው ነው የሠሩት፤ ሥራውን የመራው ኒክ ስሎን የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። እኔን ያስደነቀኝ መዞሯ ሳይሆን ከመዞሯ በፊት የተደረገው ነው። መርከቧ የተኛችው ቁልቁለት ላይ ነበር፤ ከወዲያ በኩል ባሕሩ ገደል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደዚያ እንዳትንሸራተት በሰንሰለት ያዟት። ከዚያ ከባሕሩ ወለል ላይ የብረት መድረክ ተከሉ፣ በመድረኩና በዓለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሚንቶ በተሞላ ከረጢት ደለደሉ። ስትነሣ የምታርፍበት አልጋ ቀድሞ ተነጠፈ ማለት ነው።

ይህን ይዤ ነው ባለ በርሜሉ ጋ የሄድኩት። ታፔላ ስለሌላቸው ስማቸውን ልጽፍላችሁ አልችልም። አሞራ ገደል ዓሣ ከሚያወርዱት ልጆች አንዱን «ባለ በርሜሉ» ብላችሁ ብትጠይቁት ያደርሳችኋል። ዋና ሥራቸው የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ብየዳ ነው፤ ጀልባ በጎን ነው። ካቦው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቪዲዮውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አዩት።

«መዞሯስ ይሁን፤ ከሥሯ ምን አደረጉላት?» አሉኝ።

እዚያው 15,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አልተነካም። አንድ ልጅ እየጠለቀ በእጁና በእግሩ ዳሰሳት፤ በቀርከሃ እንጨት ጥልቀቱን ለኩ። በአፍንጫዋ በኩል 2 ሜትር፣ በኋላዋ 3 ሜትር ሆነ። ከዚያ ወንበሮቹን፣ ሸራውንና መቀመጫ ሥር የተረሳችውን ግማሽ ጄሪካን ቤንዚን አወጡ። ጂሊዮም ላይ እንዲሁ ነው የተጀመረው፤ መርከቧን ሊያነሧት ከማሰባቸው በፊት ከሆዷ ከ2,000 ቶን በላይ ነዳጅ ቀድተው አወጡ። እኛ ሐይቃችን መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ ጄሪካንም ብትሆን ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን 40 ጆንያ አሸዋ ወረደ። በጥልቁ በኩል፣ ከሆዷ ሥር ነው የደረደሩት። ሁለት ገመድ ደግሞ ዳር ካለው ሾላ ጋር አሰሩ። ይህን ሲያዩ የበቆሎ እሸት የሚጠብሱት ሴቶች «ጀልባ ሊያወጡ ነው ወይስ ግድብ ሊሠሩ?» እያሉ ይስቁ ነበር። አይሱዙ የመጣ ቀን አብረውኝ አልሳቁም እንጂ።

ሦስተኛው ቀን የበርሜሉ ነው፤ እዚህ ላይ ካቦው አንድ ትምህርት ሰጡኝ። ኮንኮርዲያ ላይ፣ ወደ ሰማይ በዞረው ጎኗ እንደ ፎቅ ቁመት ያላቸው የብረት ሣጥኖች በየዷት። ሣጥኖቹ ውስጥ ውሃ ሞሉ፤ ክብደቱ በዚያ በኩል ወደ ታች ሲጫን፣ የብረት ገመዶቹ ሲጎትቱ፣ መርከቧ ዞረች። እኔም አዋቂ ሆኜ «ጋሼ፣ በርሜሎቹን ከላይ በኩል አስረን ውሃ አንሞላም?» አልኳቸው። «የነሱ ሣጥን ከውሃ በላይ ነበር እትዬ፤ የእርስዎ ጀልባ ውስጥ ናት። ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ ምን ይከብዳል?» አሉ። ዝም አልኩ።

ስለዚህ ተገላቢጦሽ ተሠራ። ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ውሃ ሞልተው አሰጠሙና ጭቃው ላይ ከተኛው ጠርዟ ጋር አሰሯቸው። ከጎሚስታ የተከራዩትን ኮምፕሬሰር ዳር አቁመው በቱቦ አየር መንፋት ጀመሩ። አየሩ ሲገባ ውሃው ይወጣል፤ በርሜሉ የራሱ ክብደት ሲቀነስለት 180 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይጎትታል። ትንሽ ይነፋሉ፣ ያቆማሉ፣ ልጁ ጠልቆ ያያል፣ ካቦው በቀርከሃው ይለካሉ፣ ደግሞ ትንሽ ይነፋሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተጀመረ 6 ሰዓት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ መሥራት እንደማይቻል እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ሆዴ ተሸበረ። ጂሊዮም ላይ ሌሊት የመጣ ማዕበል ሥራውን 3 ሰዓት ያህል እንዳዘገየ አንብቤ ነበርና እሱን እያሰብኩ ነው የተጽናናሁት። 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጭቃ እያንጠባጠበች፣ አረም እንደ ነጠላ ተከናንባ ቀጥ አለች። ቀጥ አለች እንጂ አልተንሳፈፈችም፤ አሸዋዋ ላይ ቁጭ ነው ያለችው።

በአራተኛው ቀን፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት በርሜል፣ በድምሩ 6። ጀልባዋ ወደ 900 ኪሎ ናት፤ ውሃ ውስጥ ትቀላለችና ስድስቱ ይበቋታል። የተገነጠለውን አፍንጫ በጎማና በብሎን ደፈኑት። ጠርዟ ከውሃ በላይ ሲወጣ የመስኖ ፓምፕ አስገብተው ሆዷን ባዶ አደረጉት። ኮንኮርዲያም በዚሁ መንገድ ነው የተንሳፈፈችው፤ በሁለቱም ጎኗ በአጠቃላይ 30 ሣጥን ነበራት፣ ውሃው ወጥቶ አየር ሲገባባቸው ሐምሌ 7 ቀን 2006 ከመድረኳ ተነሣች። የማንሣቱ ጠቅላላ ወጪ መርከቧን ለመሥራት ከወጣው 450 ሚሊዮን ዩሮ በለጠ። ይህ ሁሉ ሆኖ እሷ ለሥራ አልተመለሰችም፤ ወደ ተሠራችበት ጄኖዋ ተጎትታ ተቆራረጠች፣ ቆረጣው ራሱ እስከ 2009 ክረምት ፈጀ። ለእህቴ ባል ይህን ክፍል አልነገርኩትም።

አሁን አንዷን ኮከብ ወደ ቀነስኩበት ልግባ። ጠላቂው ልጅ 19 ወይም 20 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወገቡ ላይ ገመድ አልነበረውም፤ የሚንሳፈፍበት ጃኬትም አጠገቡ የለም። ሐይቁ ውስጥ የተጣለ አሮጌ መረብ ስንት እንደሆነ ዓሣ አጥማጆቹ ይንገሯችሁ። በሁለተኛው ቀን ጆንያ ሲያስተካክል እግሩን መረብ ያዘው። ቆየ። እኔ ስጮህ ካቦው «ይወጣል፣ ይወጣል» ይላሉ። ወጣ፤ ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ነበር። ኮንኮርዲያ ላይ እንኳ፣ ያ ሁሉ መሣሪያና ባለሙያ እያለ፣ አንድ ስፔናዊ ጠላቂ በሥራው ላይ ሞቷል። ይህን ለካቦው ነገርኳቸው። ከጀልባችን አራት ጃኬት አስመጥቼ አንዱን ዳር ላይ፣ ገመድ ደግሞ ልጁ ወገብ ላይ እስኪሆን ድረስ «ሥራ የለም» አልኩ። ሰውየው አኩርፈው ዋሉ፤ በማግስቱ ግን ገመዱን ራሳቸው ያዙ። እናንተም ስትሄዱ ገመዱን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ጥገናውን በአጭሩ፦ ግቢያቸው ወስደው የተበላውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ በየዱበት። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ነው የተበየደው፣ ውሃ ሞልተው ፈትነውልኛል። አንቲረስቱን ሁለት እጅ ቀቡ። የላይኛው ቀለም ግን ችኮላ አለበት፤ በስተግራ በኩል ከአሁኑ እየተላጠ ነው። ነሐሴ 15 እናስረክባለን ብለው ጳጉሜ 3 ነው የሰጡኝ። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ለጥቂት ደረስኩ። ዋጋው 32,000 ተባለና በመጨረሻ 38,000 ሆነ፤ ጭማሪው ለኮምፕሬሰርና ለፓምፕ ኪራይ ነው። መጀመሪያ ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም ነበር። ደረሰኝ የላቸውም፤ በቴሌብር ስለከፈልኩ ማስረጃዬ እሱ ነው። አዲስ ለማሠራት የጠየቅሁት ሰው ከ300,000 ብር በላይ ስለነገረኝ፣ በገንዘቡ አልተጎዳሁም።

ጀልባዋ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ሥራ ላይ ናት። በየሳምንቱ ሰኞ የእህቴ ልጅ ወለሉን አንሥቶ እጁን ያስገባል፤ እስካሁን ደረቅ ነው። ከበርሜሎቹ ሁለቱን ግን አልወሰዷቸውም፤ በረንዳዬ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ደውዬላቸው ነበር። «እዚያው ይሁኑ እትዬ፤ ለሐይቁ እርስዎ ይቀርባሉ» አሉኝ።