«ጉልበት የሚያድስ ፔፕታይድ» ጎንደር ገብቷል፤ ብራችሁን ያዙ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ ይህችን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ሰሞኑን «የፔፕታይድ ሕክምና» የሚባል ነገር በቴሌግራም እየዞረ ነው። ያለቀ ጉልበት ያድሳል፣ የተበጠሰ ጅማት ይቀጥላል፣ የተሸበሸበ ቆዳ ይወጥራል፣ እንቅልፍም ያስተኛል ይላሉ። ይህን ሁሉ የሚያድን ጠበል እንጂ መድኃኒት ሰምቼ አላውቅም።

አክስቴ ማራኪ ነው የምትኖረው። ሻጩ ነጭ ጋዋን ለብሶ ቤቷ ድረስ መጣ። «እማማ፣ ለጥምቀት ታቦቱን አጅበው በእግርዎ ይወርዳሉ» አላት። ስድስት መርፌ፣ 42 ሺህ ብር። ግማሹ በቅድሚያ፣ ያውም በግለሰብ አካውንት። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። አክስቴ የስኳር ታማሚ ናት፤ እሱ ግን ምን በሽታ አለብዎት ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። የመጀመሪያውን መርፌ ሳሎን ውስጥ ጉልበቷ ላይ ወጋት። ዱቄቱን በጠበጠበት ጠርሙስ ውስጥ የተረፈውን ደግሞ «ለሚቀጥለው ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ» ብሏት ሄደ።

ጠርሙሷን አየኋት። የአውራ ጣት ጫፍ ብታክል ነው። ላይዋ ላይ በአማርኛ «የጉልበት ማደሻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጫፉን በጥፍሬ ሳነሳው ከስር ሌላ ወረቀት ወጣ። በደቃቅ እንግሊዝኛ «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አገልግሎት የማይውል» ይላል። ያመረተው ድርጅት ስም የለም፣ የምርት ቁጥር የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። «ቢፒሲ-157» የሚል ስምና የሚሊግራም ቁጥር ብቻ።

ሰውዬው ጋ ደወልኩ። «እሱ ጽሁፍ ለጉምሩክ ተብሎ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር! ብሯን መልስ ስለው ስልኩን ዘጋው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ሰዎቹ የሚያታልሉት በግማሽ እውነት ስለሆነ። ፔፕታይድ የውሸት ነገር አይደለም። የአሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች፣ አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ኢንሱሊን ፔፕታይድ ነው፣ 51 አሚኖ አሲድ አለው፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንቱን ሰው አትርፏል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው ቴሪፓራታይድም፣ ለስኳርና ለክብደት የሚታዘዘው ሴማግሉታይድም ፔፕታይዶች ናቸው። እነዚህ ግን በብዙ ሺህ ሰው ላይ ተሞክረው፣ መጠናቸውና ጉዳታቸው ታውቆ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ናቸው። ሻጩ የእነሱን ዝና ተውሶ የራሱን ጠርሙስ ይሸጣል። አክስቴንም ያሳመናት «ኢንሱሊን እኮ ይኸው ነው» ብሎ ነው።

የአክስቴ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቢፒሲ-157 ባለ 15 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። ስለ ጅማትና ስለ ቁስል መዳን የሚወራለት ማስረጃ በአብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው። በሰው ላይ የተደረገው ጥናት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 እ.ኤ.አ. ለደህንነት ያሰጋሉ ብሎ ከመደባቸው የመድኃኒት ቅመሞች ውስጥ አስገብቶታል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስፖርተኛ ከልክሎታል። ሯጭ ልጆች ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ለጉዳት ማገገሚያ እየተባለ ቢቀርብላቸው ውጤቱ እገዳ ነው።

ሌላው ጉዳይ አቀማመጡ ነው። እንዲህ ያለ ዱቄት አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ቁም ሳጥን ይባላል እንዴ? ፍሪጅ ያለውም ቢሆን መብራታችንን ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን መርፌው ነው። የጉልበት መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ መርፌ ንጽህናው ከተጓደለ ጀርም ይዞ ይገባል፤ የስኳር ታማሚ ላይ ደግሞ ይብሳል። መጋጠሚያ አንዴ ካመረቀዘ ጉልበቱ እስከ ወዲያኛው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የተወጋ ሰው ካለና ጉልበቱ ካበጠ፣ ካተኮሰ፣ ከቀላ ወይም ትኩሳት ከመጣ «ነገ አያለሁ» አይባልም። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። አክስቴ እስካሁን ደህና ናት፣ ተመስገን።

ለጉልበት ሕመም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪምም ፊዚዮቴራፒም አለ። ወረፋው ያሰለቻል፣ አልዋሽም። ቢሆንም የሚሰጧችሁ እንቅስቃሴ ጭን ያጠነክራል፣ ሕመሙንም ያቀላል፤ ካርድ አለው፣ ስሙ የሚጠራ ሐኪም አለው።

የከፈላችሁ ካላችሁ ቀሪውን ክፍያ አትላኩ። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ደውሉ፤ ለፖሊስም አመልክቱ። የባንኩን መልእክትና የቴሌግራሙን ወሬ እንዳታጠፉት። ቻናሉ ስሙን እየቀያየረ ስለሆነ ዛሬውኑ ስክሪንሹት አንሱ።