የግመል ወተት ክሬም ካራሜል በከዚራ

የኬክ ቤቱ ባለቤት ፎርማውን ሳህን ላይ ገልብጣ ሁለቴ በጣቷ መታ ስታደርገው ክሬም ካራሜሉ በቀስታ ወረደ፤ የተቃጠለው የስኳር መረቅም ዙሪያውን ፈስሶ ከበበው። ቀለሙ በየሆቴሉ ከለመድነው ቢጫ ነጣ ያለ ነው፤ ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይፈርስም። አፍ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚሰማው እንቁላሉም ቫኒላውም ሳይሆን የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ ነው። ቀጥሎ ሄሉ ይመጣል፤ የስኳሩ ቀለል ያለ ምሬት ደግሞ መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ ይቀራል።

ይህን ጣፋጭ የቀመስኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው አምስት ደቂቃ በማይሞላ የእግር መንገድ ላይ ባለ አንድ ትንሽ ኬክ ቤት ነው። ቤቱ ታፔላ የለውም፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ የመስታወት ፍሪጅ እና ደጁ ላይ ጥላ የሚሰጥ አንድ የኒም ዛፍ አለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ግን በጥርጣሬ ነበር፤ ምክንያቱም የውጭ ጣፋጭን «የአገር ቤት አደረግነው» የሚሉ ምግብ ቤቶች ብዙ ጊዜ አሳዝነውኛል። አንድ ሆቴል ውስጥ በርበሬ የተነሰነሰበት አይስክሬም ቀርቦልኝ ያውቃል፤ በርበሬውን በማንኪያ ገፋ ሳደርገው ከሥሩ ያገኘሁት የትም የሚሸጠውን አይስክሬም ነበር። ቅመሙ ከላይ ተቀመጠ እንጂ ምግቡ ውስጥ አልገባም።

ክሬም ካራሜል መሠረቱ የፈረንሳይ ማዕድ ነው፤ ድሬዳዋም ለፈረንሳይ ነገር ባዕድ አይደለችም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው ከሐዲዱ ጋር ነው። የግመል ወተቱ ግን የሚመጣው ከሌላ ዓለም፣ በከተማዋ ዙሪያ ከሚገኙት የሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ነው። እነርሱ የወተት ዕቃቸውን በፍም ጭስ አጥነው ስለሚያልቡበት ወተቱ ቀድሞውንም የራሱን መዓዛ ይዞ ገበያ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ይህን ጭስ ለጣፋጭ እንደ እንከን ያየው ነበር። ባለቤቷን በድሬ ልማድ ያለ አንቱታ «ጭሱ አያስቸግርሽም ወይ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ጭሱን ለማጥፋት ቫኒላ ካበዛሁበትማ ምኑን የግመል ወተት ሆነ አቦ! ጭሱን የማይወድ የላሙን ይብላ» አለችኝ። የላም ወተቱም በእርግጥ አላት፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ለእሱ ሲባል መንገድ አይኬድም።

የግመል ወተት ለጣፋጭ ሠሪ ቀላል ወተት አይደለም። ወተትን ወደ አይብ ሲለውጡት የሚያያይዘው ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ካፓ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በግመል ወተት ውስጥ ከላም ወተት በጣም ያነሰ በመሆኑ፣ ከእሱ ጠንካራ አይብ ማውጣት አስቸጋሪ እንደሆነ በደንብ ይታወቃል። በክሬም ካራሜል ግን ፈሳሹን የሚያረጋው ዋናው ነገር እንቁላሉ ስለሆነ በር ይከፈታል። ባለቤቷ ለአንድ ሊትር ወተት 6 ሙሉ እንቁላልና 3 አስኳል እንደምትጠቀም ነግራኛለች፤ ለላም ወተቱ አስኳሉን ትተወዋለች። አስኳሉ የሚያመጣውን ውጤት በማንኪያዬ አይቻለሁ፦ የተቆረጠው ፊቱ ልሙጥ ነው፣ አንድም ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ የሚፈጠረው እሳቱ ሲበዛና እንቁላሉ ከሚገባው በላይ ሲበስል ነው፤ እርሷ ፎርማዎቹን ሙቅ ውሃ በያዘ ትሪ ውስጥ አስቀምጣ በዝግታ ስለምታበስል ከዚህ ጣጣ አምልጣለች።

ወተቱን አስቀድማ በደንብ እንደምታፈላው ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህንን በተለይ ጠይቄያለሁ፣ ሌላውም ሰው ቢጠይቅ መልካም ነው። ያልተፈላ የግመል ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በአካባቢያችን ጥሬውን የሚጠጣ ብዙ ሰው ስላለ ነገሩን አቅልሎ ማየት ልማድ ሆኗል። ሄሉ የሚገባውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእጅ የተፈነከተው ሄል በሚፈላው ወተት ውስጥ ቆይቶ በማጥለያ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥርስ ሥር የሚገባ ፍሬ ወይም ዱቄት የለም፣ መዓዛው ብቻ ይቀራል። በኮረሪማ አለመተካቷንም ወድጄዋለሁ። ኮረሪማ ቅቤንና ወጥን የሚያሳምር የራሳችን ቅመም ነው፤ ይሁን እንጂ ከበድ ያለው ጠረኑ ጭሱን ይጋፋው ነበር፤ ሄሉ ግን ከላይ ቀለል ብሎ ያልፋል። ሶማሌውም፣ ሐረሪውም፣ ዐረቡም ሻዩን በሄል ስለሚያፈላ፣ የድሬ ልጅ ይህን ጣዕም ለመልመድ ምንም ጊዜ አይፈጅበትም።

ከዚያ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት። ማደሩ ለቅዝቃዜው ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ፎርማው ሥር የደረቀው ስኳር ከክሬሙ እርጥበት እየወሰደ ወደ መረቅነት የሚመለሰው በእነዚያ ሰዓታት ነው። በጠዋት የተሠራውን በከሰዓቱ የሚሸጥ ኬክ ቤት ስኳሩን ሥሩ ላይ እንደ መስታወት ተጣብቆ ይተወዋል።

ቅር ያሰኘኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሐልዋው ነው። ለልዩ ትዕዛዝ በሚል ክሬም ካራሜሉ ላይ የሐልዋ ቁርጥራጭ ይደረጋል። ሐልዋ በስኳር፣ በስታርች፣ በዘይት ወይም በቅቤና በሄል የሚሠራ፣ ለብቻው ከቡና ጋር ሲቀርብ እጅግ የምወደው ጣፋጭ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ስኳር በስኳር ላይ ሆነና ጭሱን ጨርሶ ሸፈነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ወተቱ ውስጥ ከተደረገ በኋላ ከላይ መጫን አያስፈልግም ነበር። በአንጻሩ ሁመር ከሚባለው ፍሬ የተሠራው ጎምዛዛ መረቅ፣ ከላም ወተቱ ጋር ሲቀርብ፣ በቀትር ሙቀት ያነቃል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ፍሪጁ አልቀዘቀዘም፣ ክሬም ካራሜሉም ዳር ዳሩን ውሃ አውጥቶ ነበር። ባለቤቷ ገና ሳልቀመጥ «የዛሬውን አልሸጥልህም» አለችኝና ሻይ አፈላችልኝ፤ የሻዩንም ሒሳብ አልተቀበለችም። በሙቀት ዘመን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ላይ ባለች ሞቃት ከተማ፣ ወተትና እንቁላል ያለበትን ነገር እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ለእኔ ከጣዕሙ የማያንስ ነገር ነው። ቢሆንም ቤቱ ትንሽ ጄኔሬተር ቢኖረው ደንበኛ በከንቱ ባልተመላለሰ ነበር።

የግመል ወተቱ ክሬም ካራሜል 150 ብር፣ የላሙ 100 ብር ነው። የግመሉ በቀን ከሃያ ፎርማ አይበልጥም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሄድኩ ዕለት አልቆ የላሙን በልቻለሁ። ይዞ መሄድ የሚፈልግ ከፎርማው ሳይገለበጥ እንዲሰጡት ይጠይቅ፤ እኔ ተገልብጦ በዕቃ የተሰጠኝን በባጃጅ ይዤ ሳቢያን ሰፈር ስደርስ መረቁ በሙሉ ክዳኑ ላይ ነበር።