መስቀለኛው ያጊ፦ አንቴናው ይበል፣ ሳጥኑ ግን…

እኔ በደብረ ማርቆስ ዲሽ ተክዬ የማድር ሰው ነኝ። የሙያ ባልደረቦቼ እንደምታውቁት፣ ሪሲቨር ለኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ለምትቆመው ምልክት ተቀባይ) 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካሉ፣ ማለትም ሽቅብና ቁልቁል የሚርገበገበው ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታሉ፣ ማለትም አግድም የሚርገበገበው፣ ይገባል። ደንበኛው ቻናል ሲቀይር ይህ ከጀርባ ስለሚከናወን ማንም ልብ አይለውም። የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች) ሳተላይቶችን ማዳመጥ ለጀመረ ሰው ግን ይህን የሚያደርግለት የለም፤ ራሱ መቀየር አለበት። ከውጭ አገር ያስመጣሁት መስቀለኛ ያጊ (ያጊ ማለት በአንድ ዋና ዘንግ ላይ አጫጭር ዘንጎች የተደረደሩበት አንቴና ነው) ከነመቀያየሪያ ሳጥኑ ለዚህ የተሠራ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከዕቃው ጋር ነው።

በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ያጊዎች በ90 ዲግሪ ተጣልፈው ተሠርተዋል፤ የሚያገለግሉት ለ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት የ12 ቮልት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ መቀያየሪያዎች) አራት ምርጫ ይሰጣሉ፦ ቨርቲካል፣ ሆሪዞንታል፣ እንዲሁም ሞገዱ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጓዝባቸው ቀኝ ዞር እና ግራ ዞር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ያጊ ብቻውን ይሠራል። ለዙሮቹ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ፤ የአንደኛው ምልክት ሩብ ሞገድ በሚያህል ትርፍ ኬብል እንዲዘገይ ይደረጋል። ግማሽ ሞገድ ሲጨመርበት ደግሞ ዙሩ ይገለበጣል።

ይህን ሁሉ ምን አመጣው የሚል ይኖራል። የምድር ለምድር ግንኙነት ብቻ የሚሰማ ሰው እውነትም አያስፈልገውም፤ አንድ ያጊ ቀጥ አድርጎ ይትከልና ገንዘቡን ለልጆቹ ደብተር ያውለው። የእኔ ፍላጎት ግን ኦስካር 7 የምትባለው የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1974 የመጠቀች፣ ባትሪዋ በ1981 የሞተ፣ በ2002 ደግሞ ፀሐይ በመታት ቁጥር የምትናገር ሆና ከሙታን የተነሣች ሳተላይት ናት። እንዲህ ያሉት ሳተላይቶች አንቴና በአንድ ወገኑ ቀኝ ዞር፣ በሌላው ወገን ግራ ዞር ያሰራጫል። ሳተላይቷ እየተሽከረከረች ስታልፍ አንዱ ፊቷ ሄዶ ሌላው ይመጣል። በተቃራኒው ዙር ላይ የተቀመጠ ሰው 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ያጣል፤ ከመቶው ኃይል አንዱ ብቻ ደረሰው ማለት ነው። በተራ ያጊ ዙሩን የሚሰማ ሰው ግን የሚያጣው 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ግማሹን ብቻ ነው።

መቀያየሪያው ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ በጩኸቱ ውስጥ ሲሰምጥ ቁልፉን ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር፣ ድምፁም በር እንደተከፈተለት እንግዳ ከች ሲል ማየት ደስ ይላል። ጎረቤቴ እማሆይ አንድ ማታ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትስቀው?» ብለውኛል። ሳተላይቷ አንድ ጊዜ በሰማያችን የምታልፍበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ቁልፉ ከእጅ ሊርቅ አይገባም። ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ሰሚ ብቻ ስለሆንሁ ይበቃኛል።

ስለ ምሰሶው አንድ ነገር ልናገር። መስቀለኛ ያጊ የብረት ምሰሶ አይወድም፤ ብረቱ ከቨርቲካሎቹ ዘንጎች ጋር ትይዩ ስለሚቆም ያዛባቸዋል። ፈረንጆቹ ለዚህ ውድ የፋይበር ቱቦ ይገዛሉ። ጎጃም ግን ባሕር ዛፍ ሞልቷል! የደረቀ፣ ቀጥ ያለ ግንድ ከተመረጠ ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። ኬብሉንም በዋናው ዘንግ ኋላ በኩል አውርዱት እንጂ በአጫጭሮቹ ዘንጎች መካከል አታውርዱት።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ይህን ሳጥን የሠራው ሰው የጎጃምን ሐምሌ አያውቅም። ክዳኑ ጎማ የለውም፤ ብሎኖቹ ተራ ብረት ስለሆኑ በመጀመሪያው ክረምት ዛጉ፤ ሪሌዎቹ የተቀመጡት ደግሞ ውኃ በሚጠራቀምበት ወለል ላይ ነው። ገና ነሐሴ ሳይገባ ቀኝ ዞሩ ጠፋ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ውኃ ፈሰሰ። ለአንቴናው የተጨነቀ ፋብሪካ ለሳጥኑ አለመጨነቁ ያናድዳል፤ ዋጋው ከአንቴናው ብዙም አያንስም። ክዳኑን በሲሊኮን አሽጌ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁለት፤ አሁን ይሠራል።

የዲሽ ባልደረቦቼ ኬብል ሲበላሽ እጃቸው ወደ ዲሽ ኬብል እንደሚሄድ አውቃለሁ። በሳጥኑ ያለው ኬብል ምልክቱን የሚያሳልፈው በብርሃን ፍጥነት 66 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ሩብ ሞገዱ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። የዲሽ ኬብል ግን በፎም የተሞላና ፈጣን ስለሆነ ሩቡ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኢምፒዳንሱም (ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) 75 ኦም ስለሆነ የማዘግያውን ኬብል ሊተካ አይችልም።

ገና ያላስመጣችሁ ሳጥኑን ጣራ ላይ አታውጡት፤ ከያንዳንዱ ያጊ አንድ ኬብል እስከ ቤት አውርዳችሁ ሳጥኑን ከውስጥ አስቀምጡት። ተጨማሪ ኬብል ይፈጃል፤ ዝናብ ግን አይነካውም። ሁለቱ ኬብሎች ከአንድ ጥቅል ተቆርጠው እኩል ይሁኑ። በዚያ በ66 በመቶው ኬብል የአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ዙሩን 13 ዲግሪ ያህል ያጣምመዋል።