የፒያሳው የልብስ ሰፊዎች ረድፍ፦ ማኅበሩ ያስተካከለውና ገና ያልደረሰበት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው የልብስ ሰፊዎች ረድፍ ኮትና ሱሪ ለማሰፋት ለሚያስብ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ይሂድ፤ ልብሱ ለሠርግ ወይም ለዒድ ከሆነ ግን ቀደም ብሎ ይሂድ። ስፌታቸው ድሮም የተመሰገነ ነው። እኔን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሱቆቹ በማኅበር ከተደራጁ ወዲህ በአገልግሎቱ ላይ የታየው ለውጥ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ በደሴ ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ በዚህ ረድፍም የስፌት መኪናውን አጥቶ በጎረቤቱ መኪና ተራ እየጠበቀ ይሠራ የነበረ ሰፊ ጥቂት አልነበረም። መዋጮው የተጀመረው ያኔ ነው። አደረጃጀቱ ከቅሬ፣ ማለትም ከወሎው ዕድር፣ የተወሰደ መሆኑን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ወርኃዊ ክፍያ አለ፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለ፣ ከስብሰባ የቀረም ይቀጣል። ገንዘቡ ግን ለሐዘን ብቻ የሚውል አይደለም፤ ለቦይ ጠረጋ፣ ለሌሊት ዘበኛ፣ ለበረንዳው መብራት፣ ለጋራ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መዝመዝሚያ መኪና) እና ለመጸዳጃ ቤት ይወጣል። መጸዳጃ ቤት መጥቀሴ የሚያስቀው አንባቢ ካለ፣ ከገጠር መጥታ የልጆቿን ልብስ ስታስለካ የምትውል እናት ምን እንደምትል ይጠይቃት።

ቀድሞ በየበሩ መከራከር ግድ ነበር። ዛሬ የኮት፣ የሱሪና የገበር ዋጋ በየሱቁ ተለጥፏል፤ ቀብድ ሲከፈል ቀጠሮው የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጣል፤ ጨርቅ ከተበላሸም ኮሚቴው አይቶ ሰፊው እንዲክስ ይወስናል። ያሰፋሁት ኮት ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ገበሩ ያልተሸበሸበ፣ የቁልፍ ቀዳዳውም በእጅ የተሠራ ነው። ቀጠሮው ግን አልተከበረም። «አብሽር ጋሼ፣ ለሐሙስ ይደርሳል» የተባልሁት ከአንድ ሐሙስ በላይ ነው፤ ዋጋን ያስከበረ ማኅበር ለዘገየ ሥራም አንድ ደንብ ማውጣት አያቅተውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ኪራዩ ነው። አብዛኞቹ ሰፊዎች ተከራዮች ናቸው፤ ሰፈሩ ሲያምር የቤቱ ዋጋ ይወጣል፣ ሰፈሩን ያሳመረው ሰውም ሊለቅ ይችላል። በአሜሪካ አትላንታ የሚገኘው የጥቁር አሜሪካውያን የንግድ ሰፈር፣ ስዊት ኦበርን፣ በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ነው። የዘር መድልዎ ሕግ ከሌላው ገበያ ያገለላቸው ነጋዴዎች በኦበርን ጎዳና የራሳቸውን ባንክ፣ ጋዜጣና መድን ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ በባርነት ተወልዶ በፀጉር አስተካካይነት ሀብት ያፈራው አሎንዞ ኸርንደን አትላንታ ላይፍ የተባለውን የመድን ድርጅት በ1905 (እ.ኤ.አ.) የመሠረተው በዚያው ከተማ ነው። በኋላ ፈጣን መንገድ ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው። በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ተመዘገበ፤ ይሁን እንጂ በ1992 የአገሪቱ የቅርስ ጥበቃ ተቋም አደጋ ላይ ካሉ ቦታዎች መካከል ቆጠረው፤ ምዝገባው ብቻውን ጣሪያ አልጠገነም። በ1980 የተቋቋመው የአካባቢው የልማት ድርጅት ሥራውን የጀመረው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተወለደበት ቤት ዙሪያ ያሉትን መኖሪያ ቤቶች በማደስ ሲሆን፣ ነባር ነዋሪዎች እንዳይፈናቀሉ ማድረግንም ዓላማው አድርጎ ይዟል።

የእኛዎቹ ሰፊዎች እስካሁን የያዙት የመብራቱንና የቦዩን ነገር ነው። ከአከራዮች ጋር የረዥም ጊዜ ውል በጋራ ስለመዋዋል ሰብሳቢውን ጠይቄ፣ በስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ መቅረቱን ነግረውኛል። መዋጮው ከዘበኛ ክፍያ ተርፎ ሲጠራቀም አንዲት ክፍል እንኳ በማኅበሩ ስም መግዛት ቢቻል ከአዲስ ቀለም ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ አሁን የበረንዳውን ምሰሶዎች ዳግመኛ ለመቀባት መታሰቡን ስሰማ ቅር ብሎኛል።

ለሚሄድ ሰው፦ ጨርቁን ራስዎ ገዝተው ቢወስዱ ይሻላል፣ በረድፉ ያለው የሱፍ ምርጫ ጠባብ ነው። ሰኞ የገበያ ቀን በመሆኑ ልክ የሚወስድ ሰው በቶሎ አይገኝም። ደረሰኙ ላይ ቀኑ በቁጥር መጻፉን ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ።